በገዛ ወረቀቷ አራተኛ ስለሆነችው ሙርሺዳ

ለተከበሩ የኮሚኒቲ ኮሌጁ ሬጅስትራር፣
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሆይ፣ መብራት በሚቆራረጥበት በዚህ የሰኔ ብርድ ቢሮዎ የሞቀ፣ ጤናዎም እንደ ማኅተምዎ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ይህን የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ መሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ።

፩. ወራቤ በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምራ የተመረቀችው ሙርሺዳ፣ ከከተማው ራቅ ባለችው ካትሌሆንግ ሱቅ ስትነግድ ኖራ፣ ዘንድሮ ክሬዲቷ ተይዞላት ሁለተኛ ዓመት ልትገባ የምስክር ወረቀቷን ብታቀርብ፣ የወረቀቱ ቁጥር በሌሎች ሦስት ተማሪዎች ስም ቀድሞ ቀርቧልና ያንቺው ሐሰተኛ ነው ብለው ስለመለሷት፣ ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሦስት ሐሰተኞችን አሳልፎ እውነተኛዋን መያዝ ቀላል ችሎታ አይደለም።

፪. ሦስቱን ከመመርመር አራተኛዋን መመለስ እንደሚቀልም ማወቅዎን አደንቃለሁ። ሦስቱ ቢነኩ፣ መጀመሪያ ማን ተቀበላቸው የሚል ጥያቄ ይመጣላ።

፫. ይህኛው አቤቱታ በእኛው ላይ ነው። እኛ ጀፕ ገበያ የምንውል ሐበሾች የሰርግ ቀሚስ፣ ሻንጣ፣ የእንግዳ ፍራሽ ተዋውሰን የምንኖር ነን። ቀሚሱን ወገቡን አጥብበን እንደምንለብሰው ሁሉ፣ የሙርሺዳንም ወረቀት “ለአንድ ቀን ብቻ” ብለን ወስደን፣ ስሙን በየልካችን ቀይረን ኮፒ አደረግን፤ ዋናውንም በብዙ ምስጋና መለስንላት። እሷ የአገር ልጅን እምቢ ማለት ነውር ነው ብላ ነው የሰጠችው። የሦስቱን ስም አልጠራም፤ ጀፕ ያውቃቸዋል፤ አንዷማ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ነው ሹሩባ የምትሠራው። ሙርሺዳ ሐሰተኛ ተብላ ስትመለስ ግን ከሦስቱ አንዱ እንኳ ወረቀቱ የእሷ ነው ብሎ አልተነፈሰም። እሷም “ልጆቹ ከሚባረሩብኝ ከሀ ልጀምር” ብላ አንደኛ ዓመት ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ስልክ ነው፤ ወራቤ ደውለው የወረቀቱን ባለቤት ይጠይቁልን። ሦስቱስ ምን ይሁኑ ቢሉኝ፣ እነሱንም አያባርሩብኝ ልል ነው፤ እፍረቴም እሱ ነው።

ከወገብ በላይ ጎንበስ ባለ አክብሮት፣
የእርስዎ አድናቂ፣ የሦስቱም ጎረቤት፣
ጽጌሬዳ፣ ከዮቪል ሰፈር

ሳልረሳው፦ ፈተና ስለደረሰ፣ የእርስዎ ሦስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እሑድ እሑድ ካትሌሆንግ ድረስ እየሄዱ፣ የአንደኛ ዓመቷ ሙርሺዳ ታስጠናቸዋለች። ባለፈው ሲወጡ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሯን ይዘውባት ሄደዋል። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አሉ።