ስለ አንዲት ስንዝር አፈሙዝ፣ ለአባቴ

አባዬ፣ አፈሙዙ አንዲት ስንዝር ቢያጥር ኖሮ ትተርፍ ነበር?

ሰው የሞተበት ሁሉ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ማለቱ አይቀርም። እኛ ቤት ግን ይህችን «ኖሮ» በእጃችን እንለካታለን። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ እማዬ አሁንም አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ዘርግታ «ይቺን ታህል» ትላለች። የቆሰለው ከርከሮ ከእሾሁ ውስጥ ሲወጣብህ ረጅሙን አፈሙዝ ቅርንጫፍ ያዘብህና ጠመንጃውን ማዞር አቃተህ። ይቺን ታህል ቢያጥር ኖሮ፣ ዛሬም በር ላይ ተቀምጠህ «ለማንበላው ሥጋ ስንሮጥ እኮ ነው የምንኖረው» እያልክ ታስቃት ነበር።

አዋሽ ደህና ናት። እማዬ ለሱቁ ፍሪጅ ገዛች፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ እኛው በር ላይ መቆም ለምደዋል። ያ መጤ እሾህ ግን አጥሩን አልፎ ጓሯችን ገብቷል። የያኔው ፔርሙስህ መደርደሪያው ላይ ነው። የሞትክ ቀን ከአደን ካምፑ ዕቃህ ሲመጣ ሻይ እንደሞላ ነበር፤ እማዬ መድፋት አቅቷት እስከ ማግስቱ አቆየችው።

እኔ ከሰመራ ያመጣሁትን ዲግሪ ታቅፌ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ከረምኩ። ቁጭ ማለት እንደማልችል ታውቀኛለህ። አሁን ሥራ አግኝቻለሁ፤ የት እንደሆነ ስነግርህ እንዳትቆጣ። እንግዳ አዳኞችን ትመራበት የነበረው ካምፕ ውስጥ፣ በአንተው ቦታ። እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «አጭሩን ካልያዝክ እንዳትሄድ» አለችኝ።

አጭሩን ያለችው፣ የካምፑ ኃላፊ ሁለት ቀላል የአደን ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሐሙስ አንዱ በስምህ ይመዘገባል፤ ምረጥ» ስላለኝ ነው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ ቢውሉ አይከብዱም። ልዩነታቸው የአፈሙዙ ርዝመት ነው፤ አንደኛው በስንዝር ያጥራል። አጭሩ መኪና ውስጥም ጫካ ውስጥም ይመቻል፤ ከፊት በኩል ስለሚቀል ግን ሳነጣጥር ይዋልልብኛል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይሰነጥቃል። ረጅሙ እጄ ላይ ይረጋል፤ አንተን የያዘህ ግን እንደሱ ያለው ነው። ሐሙስ ነገ ነው፣ አባዬ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ዱላ ቆረጥኩ፤ አንዱን በረጅሙ ልክ፣ አንዱን በአጭሩ። ከካምፑ ጀርባ ወዳለው እሾህ ገባሁ። ሃያ ዓመት አብሮህ ዱካ የተከተለው ሁመድ ዳር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። «አንተ፣ አራት ዓመት ሰመራ ያስተማሩህ ዱላ መለካት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በረጅሙ ዱላ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ሦስት ጊዜ ተያዝኩ። እየተበሳጨሁ ወጣሁና አጭሩን ይዤ ገባሁ። እንደ እባብ ሾለክኩልህ! የት እንደደረስኩ ያወቅኩት ሁመድ «ኧረ የት ነህ?» እያለ ሲጣራ ነው። ዙሪያዬን ባይ እሾህ ብቻ፤ የመጣሁበት እንኳ አይታይም።

ስወጣ ሁመድ አይስቅም ነበር። «ከርከሮ ቢኖር ሞተሃል» አለኝ። እማዬ ስለምትለው ስንዝር ነገርኩት። ዱላዎቹን አየና «አባትህን ብረቱ አልገደለውም፤ ሻዩን ሳይጠጣ ገባ» አለኝ።

ያኔ ፔርሙሱ ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ እያለ አንዴ ይዘኸኝ ወጥተህ ነበር። ደም ካየን በኋላ ቁጭ በል አልከኝ። የቆሰለ አውሬ ወዲያው አይከተሉትም፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀስ ብለን እንጠጣለን፣ እሱም ይደክማል፣ ከዚያ እንገባለን አልከኝ። እኔ አላስችል ብሎኝ ስሮጥ ከኋላዬ አንዲት አጭር ፉጨት አፏጨህ። ባለሁበት ቆምኩ።

በሞትክበት ቀን ግን፣ ከርከሮው እንግዳው አዳኝ አቁስሎት ሲያመልጥ ሁመድ ሻዩን ሊቀዳ ፔርሙሱን አነሳ። አንተ «ተወው፣ የሰመራው መኪና ያመልጠኛል፤ ነገ ልጄ ይመረቃል» ብለህ ገባህ። ሁመድ ይህን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በሆዱ ይዞ ኖሮ ዛሬ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሰመራ ጋዋኔን እንደለበስኩ ስልክህ ላይ እደውል ነበር። ለምን አታነሳም ብዬ ተቆጥቼህም ነበር፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። ነገ ግን ረጅሙን ነው የማስመዘግበው። አጭሩን ከያዝኩ እሾሁ ያስገባኛል፤ እኔም እገባለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ረጅሙ ገና ከዳር ይይዘኛል። ሲይዘኝ እቀመጣለሁ፣ እቀዳለሁ፣ እጠብቃለሁ። እማዬ መጮኋ አይቀርም። እኔም ፔርሙስህን ከመደርደሪያው አውርጄ ሻይ እንድትሞላልኝ እለምናታለሁ። በወጣሁ ቁጥር ባዶውን እመልስላታለሁ። አንተን የማስታውሰው በዚህ ነው።

አንተም ካለህበት መልስልኝ። አንዱን ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ ብድግ ካልኩ፣ እንደዚያ ጊዜው አንዴ ብቻ አፏጭልኝ። እቆማለሁ።

ልጅህ ሰይድ