ጉድጓዱን ያገኘችው

ጃንዋሪ 14፣ ሰኞ

ጠዋት ጉድጓዱን ለካሁ። የመለኪያ ገመዱን ስስበው ውሃው ካለፈው ሳምንት ዝቅ ብሏል። ደገምኩት... ያው ነው።

ከዚያ ሻይ። ከዚያ ሪፖርት። ከዚያ ኡጋሊ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ፣ በጎመን፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። ባልደረባዬ ኪማኒ ወደ ናይሮቢ ከተዛወረ ወዲህ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለነው እኔና ሬዲዮው ብቻ ነን። ዛሬ ከዜና አንባቢው ጋር ስከራከር ራሴን ያዝኩት። ደህና አይደለሁም መሰለኝ።

የዝውውር ጥያቄዬ መልስ የለውም። አገሬ ታይታ፣ ቮይ ከተማ ቢመድቡኝ እማ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እደርስ ነበር።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ዳኪ ወተት አመጣችልኝ። "ኢንጂነር፣ እንደ ገመድሽ ቀጥነሻል" ብላኝ ሄደች። ኢንጂነር ሳልሆን ጂኦሎጂስት ነኝ ብዬ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ።

ጃንዋሪ 19

ውሃውን ቀመስኩት። የጨው መለኪያው ከነገረኝ በኋላ መቅመሴ ለምንድን ነው? ምላሴ ውሸት ነው እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ጨው ጨው ይላል። ትንሽ ነው፣ ግን አለ።

ከጣፋጩ ውሃ ሥር ጨዋማ ውሃ አለ። የላዩን ቀድተን ስናሳሳው የታችኛው ይነሳል። ፓምፑ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ከሠራ ዝናብ ሳይመጣ ጨው ይገባበታል። አንዴ ከገባ ደግሞ በእኔ ዕድሜ አይጠራም። መንደሯ ዳካ ዲማ ሌላ ውሃ የላትም። ቅርብ የሚባሉት የጎሎ ጉድጓዶች ናቸው፣ እነሱም ለከብት የሁለት ቀን መንገድ።

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ውሃው የፈለቀ ዕለት ሰው ሲጨፍር እኔም አብሬ ጨፍሬያለሁ።

ለናይሮቢ አለቆቼ ጻፍኩ።

ጃንዋሪ 23

መልስ መጣ። ፓምፑ ከግማሽ ቀን በላይ እንዳይሠራ፣ ትእዛዙም ይለጠፍ። በቃ ይኸው።

በስዋሂሊና በቦረንኛ አትሜ የፓምፑ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። ፓምፑን የሚያስነሳው ጃተኒ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ።

"ገባህ?"

"ገባኝ። ጽሑፉ ያምራል።"

ከሰዓት በኋላ ፓምፑ እስኪመሽ ጮኸ።

ጃንዋሪ 25

ዛሬም። ጃተኒን ተቆጣሁት። እሱ አይቆጣም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

"የሚናገር ሰው መጥቶ ይናገር" ይላል።

"የናይሮቢ ዳይሬክተር ነው የተናገረው!"

"እሱንማ አናውቀውም።"

ዳኪ ወተት አላመጣችም።

ጃንዋሪ 28

ገመዱ አሁንም ዝቅ።

ፌብሩዋሪ 2

ቧንቧው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ዝም አሉ። ሰላም ብያቸው ሰላም አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቃል። ጀሪካኑን እያዩ ጠበቁኝ... እስክሄድላቸው መሆን አለበት። ድሮ "ባል አላገኘሽም ወይ?" እያሉ ይተርቡኝ ነበር። ያስጠላኝ ነበር። ዛሬ ያ ተረብ ናፈቀኝ።

ምን አደረግኳቸው? ወረቀት ለጠፍኩ። ጠሉኝ ማለት ነው?

ለእማ ደወልኩ። "የማይፈልግሽ ሰው መሃል ምን ታደርጊያለሽ? ነይ ወደ ቤትሽ" አለችኝ። ከዘጋችው በኋላም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።

ፌብሩዋሪ 6

ዝውውሩ ተፈቀደ። ቮይ። መኪናው ማርች 1 ይመጣል።

ይህን ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ለማን ልንገር? ለሬዲዮው ነገርኩት።

ናይሮቢ ሌላም ነገር ጠየቀኝ... ሕዝቡ እንቢ ካለ ፖሊስ ይላክ ወይ? አስቡበት ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። አይላክ ብዬ ጻፍኩ፣ ያንንም አጠፋሁት። ፖሊስ ሲመጣ የሚሆነውን አውቃለሁ። ካልመጣ ደግሞ ውሃው ይሞታል።

ፌብሩዋሪ 9

አልቻልኩም። ዳኪ ቤት ሄድኩ። ጥጃ ታስር ነበር።

"ምን በደልኳችሁ?" አልኳት። ሰላም እንኳ ሳልላት።

"አንቺ ነሻ ዝም ያልሽው!"

"እኔ? ወረቀቱ በሩ ላይ ነው!"

"ወረቀት አፍ አለው? እስቲ ጉድጓዱን ማን አገኘው?"

"መንግሥት።"

ሳቀች፣ ጥጃውን እስክትለቀው። "መንግሥት እዚህ ሜዳ ላይ በፀሐይ ድንጋይ ሲቀጠቅጥ አላየሁትም። ያየሁት አንቺን ነው፤ አፍንጫሽ ተልጦ!"

የጉድጓዱን ቦታ መጀመሪያ ያገኘ ሰው የጉድጓዱ አባት ነው። ይህን የማያውቅ በቦረና የለም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን በእጅ ለሚቆፈሩት ጉድጓዶች ነበር የሚመስለኝ። ለፓምፕ፣ ለዚያውም ከታይታ ለመጣች ሴት... እንዴት ብዬ ልገምት? እነሱ ደግሞ ማወቄን አልተጠራጠሩም። በውሃ ጉዳይ አባቱ ቃል ሳይሰጥ ማንም ቀድሞ አይናገርም። ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቅ ነበር።

"ወተቱስ?" አልኳት።

"ነገሩ ሳይለይ ወተት ባመጣልሽ ዳኪ በወተት የውሃ ተራ ልትገዛ ነው አይሉኝም?"

እየሳቅኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ፌብሩዋሪ 10፣ እሑድ

አባባ ቦናያ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው።

"ሴት ነኝ፣ አባባ። ዘመዴም እዚህ የለም። ደመወዝተኛ ነኝ።"

"እናውቃለን። የኛ ልጅ ብታገኘው ደስ ባለን ነበር" አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። "ግን አንቺ አገኘሽው። ምን እናድርግ?"

ነገ ሰው ይጠራል። ለፖሊሱ ጥያቄ አይላክ ብዬ መለስኩ። ይህን አላጠፋሁትም።

ፌብሩዋሪ 11

ተናገርኩ። ስለ ጨዋማው ውሃ ነገርኳቸው፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ግን አልተነሳም። ለካ የሚጠብቁት ማብራሪያውን ሳይሆን ፍርዱን ነው። ማን ይጠጣ? ማን ይቅር?

በሪፖርት ላይ "ፍጆታው በግማሽ ይቀነስ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እዚያ ግን ከብቶቹ ቆመው ያዩኛል። ሰውና ጥጃ በየቀኑ አልኩ። የሚታለቡት ላሞች በየሁለት ቀኑ። የቀረው ከብት ሁሉ ወደ ጎሎ።

ብዙ ከብት ያለው ሁቃ ተነሳ። "የኔዎቹ ጎሎ አይደርሱም። መንገድ ላይ ቢሞቱብኝስ?"

አባባ ቦናያን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

"ከሞቱብህ እሷ ናት ያለችው በል" አልኩት።

በትሩን አንስቶ ሄደ። ጃተኒ ደግሞ ማንም ሳያዘው ገብቶ ፓምፑን አጠፋው። ጸጥታው አስፈራኝ።

ፌብሩዋሪ 20

ገመዱ ባለበት ቆሟል! እንደገና ለካሁ። ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ሁቃ መጣ። ሁለት ላሞች መንገድ ላይ ወድቀውበታል። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት። የላሞቹን ስምና መልክ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ አንድ በአንድ ነገረኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል በእጁ ከለከለኝ።

"ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ለሌላ ለማን ይነገራል?"

ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ምነው በሰደበኝ።

ፌብሩዋሪ 26

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ከዚያ አባባ ቦናያን ልሰናበት ሄድኩ።

"ስሄድ ቃሉ ለማን ይሆናል?"

"ለልጅሽ።"

"ልጅ የለኝም።"

"ለወንድምሽ ልጅ።"

"እሱም ገና አልተወለደም፣ አባባ።"

"እንግዲያ ለማንም አይሆንም። ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይቀዳል።"

ቅሪ አላሉኝም። ቢሉኝ እቆጣ ነበር። ባለማለታቸውም ተቆጣሁ።

ዳኪ አሁንም ቤቴ አትመጣም። ማንም አይመጣም፣ ክርክር ከሌለው በስተቀር። ተራ የምሰጠው እኔ ነኝና ከማንም ጋር ተቀምጬ ማውራት አልችልም። ከበፊቱ ብሷል እኮ... ታዲያ ለምንድን ነው ሻንጣውን መዝጋት ያቃተኝ?

ማርች 1፣ ዓርብ

መኪናው መጣ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ዝናቡ እስኪመጣ አልሄድም አልኩት።

"አብደሻል? ሰው ከዚህ ለመውጣት ስንት ይለምናል!"

"ለአለቆቹ ንገራቸው።"

"ምን ልበል?"

"ሥራ ላይ ናት በል።"

አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ግቢው እንደገና ባዶ ሆነ። ሮጬ ላስቆመው ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እግሬን በግድ ነው የያዝኩት።

ለእማ ደወልኩ። እራት ሠርታ እየጠበቀችኝ ነበር። እንደማልመጣ ነገርኳት።

"እዚያ ማን አለሽ? አንድ ሰው ጥሪልኝ።"

አሰብኩ። ዳኪን ልላት ነበር፣ ግን እውነት አይሆንም።

"እኔ ማንም የለኝም፣ እማ" አልኳት። "እነሱ ግን እኔ አለሁላቸው።"

ድስቱን ስትከድነው ሰማሁ።

"እሺ" አለች። "ዝናቡ መቼ ነው የሚመጣው?"