የአባባ ክፍል ግድግዳ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? የባለቤትሽ ጤና ተመለሰ ወይ? ልጆቹስ? በስልክ ሁላችሁም «ደህና ነን» ስለምትሉ እንደገና በደብዳቤ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። እኛ ከአባባ ሳል በቀር ደህና ነን። እሳቸውም እህል አልተዉም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን እርምጃ እያዳመጡ ማን እንደሆነ ይናገራሉ። ዓይናቸው ቢጠፋም ብዙ ጊዜ አይስቱም።

የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምፈራሽ ታውቂያለሽ፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል።

አምና ልትመጡ ነው ሲባል ቤቱ አሳፈረኝ። አባባ በየዓመቱ ኖራ እያስበጠበጡ የሚያስቀቡት ግድግዳ የተደገፈውን ሰው ሁሉ ነጭ ያደርጋል። ባለቤትሽ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከግድግዳው ሲነሳ ታየኝ። ስለዚህ ሰፈሩ «መስታወቱ» የሚለውን ቀለም ቀቢ ጠራሁ። እሱ የቀባው ግድግዳ ላይ ሰው እያየ ጢሙን ይላጫል እየተባለ የወጣለት ስም ነው። ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ኖራ ድሮ ቀረ። የዘይት ቀለም ላጥግብልህና በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልክ ኑር» አለኝ።

አባባ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ልጄ፣ ይኼ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው። እርጥበት በግድግዳው ይገባል፣ በግድግዳው ይወጣል። የዘይት ቀለም ለብሎኬት ቤት ይሁን፤ ይኼኛውን ግን ታፍነዋለህ» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን አናጢ የነበሩ፣ እያንዳንዱን ቋሚና ማገር በእጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። እኔ ግን ቀለሙን ገዝቼ ጨርሼ ነበር። ለማያዩት ግድግዳ ምን አስጨነቃቸው ብዬም አሰብኩ። መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን አስቤዋለሁ። በሦስት ቀን አራቱም ክፍል እንደ ሳህን አብረቀረቀ። ጉዟችሁ ሲቀር ፎቶውን ላኩልሽ፤ አንቺም ወደድሽው።

ዝናቡ ሲገባ ግድግዳው ማላብ ጀመረ። የአባባ ክፍል ባሰ። ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጠረ፤ ብፍቀው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ከራስጌያቸው ያለው ቋሚ እንጨት ጣት ያስገባል። ሐኪሙም ሳሉን ያባባሰው ሻጋታው ነው አለ።

ይህን ስነግርሽ «ማን ነው እንዲህ ያለ ቀለም ያስቀባው?» ብለሽ ተቆጣሽ። እኔም «አባባ ናቸው፤ እምቢ ብለውኝ ነው» አልኩሽ። እሳቸው እኮ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ስጣቸው አልሽ። «አባባ፣ የገዛ ቤትዎን እንዴት እንዲህ ያደርጉታል?» ስትያቸው ይሰማኛል። «አይ ልጄ፣ እርጅና መጥፎ ነው» አሉሽ። ስልኩን መለሱልኝና ወደ በረንዳው ወጡ። ስለዚያ ነገር እስከ ትናንት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ አእምሯቸው ደክሟል፣ ቤቱ ተሽጦ የሚጦሩበት አንድ ቦታ ይረፉ ያልሽው ከዚያ ወዲህ ነው። በወሩ መጨረሻ ቤቱን የሚያዩ ሰዎች እንደሚመጡ ስነግራቸው አልተከራከሩም። ዕቃቸውን በሳጥን እየከተቱ ነው። መሮአቸውን የሚወስድ ሰው እንድፈልግ አዘውኛል።

እታለም፣ አእምሯቸው አልደከመም። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ፣ የዋሸሁሽም እኔ። ቤቱን መሸጥ ካለብን በሌላ ምክንያት እንሽጠው፤ እሳቸው ሳቱ ተብሎ ግን አይሁን።

ከሰኞ ጀምሮ ክፍላቸውን እየፋቅሁ ነው። የበሰበሰውን ቋሚ የሚተካ አናጢ አግኝቻለሁ፤ ልስኑ ከደረቀ በኋላ ኖራ እቀባዋለሁ። አባባ በሩ ላይ ተቀምጠው የመፋቂያውን ድምፅ ያዳምጣሉ። «እሱ ደረቅ ነው፣ ተወው። ዝቅ በል። አዎ፣ እሱ ነው የታመመው» ይሉኛል። እስካሁን አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ትናንት ግን፣ «እህትህ መፋቅህን ታውቃለች?» አሉኝ። አታውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ እስከተባለ ድረስ የሰው ግድግዳ ነው የምትፍቀው» ብለው ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስለ ኮቱ ግን አትንገሪው። ነርሷን ልጅሽን ስለ አባባ ሳል እንድትደውልልኝ ለምኛታለሁ በያት። ትንሹን ሳሚልኝ፤ መቼም ተሳምኩ ብሎ ይቆጣል። ባለቤቴ እጅ ነስታለች፤ መዋሸቴን ካወቀች ወዲህ እኔን ባታናግረኝም ላንቺ ሰላምታ አልነፈገችም።

አባባን ምን ልበልልዎ ስላቸው፣ «እንዳትጨነቂ፣ የምትዪኝ ቦታ እሄዳለሁ በላት» ነው ያሉኝ። እሺ እንዳትያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ቤት
ጥቅምት 6 ቀን