ስህተቴን የመዘገብክበት ደብተር

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? የዋናው መሥሪያ ቤት ኑሮ ተስማማህ? እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ስምህን የምታነሳው በደግ ነው፤ የሆነውን አልነገርኳትም።

ማተሚያ ቤቱን በሥራ አስኪያጅነት ስረከብ ግማሹ ማሽን ቆሞ እንደነበር ታስታውሳለህ። ሁለቴ ሊዘጋ ደርሶ ሙጭጭ ብዬ ያዝኩት። የረዳኝ ደግሞ የዓርቡ ስብሰባ ነው። ሠራተኛውን ሰብስቤ በሳምንቱ ምን እንዳጠፋሁ እጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ። ኋላ ጠራዧ ደፈረችና ሰው ፊት እንደምቆጣ ነገረችኝ። ፊቴ ጋለ፤ ግን እውነቷን ስለነበር እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ የሁሉም አፍ ተፈታ፤ ሥራውም ተቃና።

አንተ ጥግ ይዘህ ትጽፍ ነበር። ልትማርበት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማን ይምራው ተብሎ ቦርዱ ፊት የቀረብን ቀን ግን ያንን ደብተር ገልጠህ፣ በገዛ አፌ ያመንኩትን ጥፋት ከነቀኑ አነበብከው። «እሷ ራሷ አልችልም እያለች ነው» አልክ። እኔ አልችልም ብዬ አላውቅም። ባዕድ ቢያደርገው ባልገረመኝ፤ አንተን ግን አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ወንበሬን ወስደህ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆነህ ማዘዝ ጀመርክ፤ እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ፣ ወደ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ተመለስኩ። ጥለሽ ውጪ ያሉኝ ነበሩ። አልወጣሁም።

አሁን የዓርቡ ስብሰባ ቀርቷል። የመቁረጫው የእጅ መከላከያ ከተሰበረ ወር አልፎታል። ጠራዧ ደውላ ብትነግርህ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብለህ ዘጋህባት፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ ያለ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ማሽኑ ሰው ጎዳ። ሪፖርቱ «በሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ እንደሚደርስህ አውቃለሁ። እንደዚያ የሚጽፉት አንተን ፈርተው ነው።

እንግዲህ ሌላው የማይነግርህን እኔ ልንገርህ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። መጥተህ ሰብስባቸውና ጠይቃቸው። ዝም ቢሉህ በሳምንቱ ደግመህ ጠይቃቸው። የሚሉህ ያምሃል፤ ቻለው። መከላከያውን ግን ዛሬውኑ አስጠግን፤ ሌላ ሰው ቆሞበታል።

እናታችን ማታ ማታ ትመርቅሃለች። እኔ ለምርቃት ገና አፌ አልታዘዝ ብሎኛል እንጂ ክፉህን አልመኝም። ጤናና ልብ ይስጥህ።

ጽሑፌ ቢንጋደድ አትታዘበኝ። በግራ እጄ መጻፍ ገና አልለመድኩም።

ታላቅ እህትህ