ሰውን ሁሉ ያናገሩት የእትዬ ቴፕ የሕይወት ታሪክ

ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ተጽፏል። እዚህ ግን ቤተሰቡም ጎረቤቱም ሲጠራቸው እንደኖረው እትዬ ቴፕ እንላቸዋለን፤ ቢሰሙም አይቆጡም።

እትዬ ቴፕ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከትምህርት ቤት ምግብ አብሳይዋ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ታላቋ እርሳቸው ናቸው። እናታቸው ይሉ እንደነበረው አፋቸውን የፈቱት በጥያቄ ነው። አባታቸው የደንበኛ ልክ ሲወስዱ እርሳቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን በልቶ እንደወጣ፣ ሱሪው ለምን እንደጠበበው ይጠይቁ ነበር። አባታቸው በዚች ልጅ ምክንያት ደንበኛ ሸሸን ይሉ ነበር፤ እናታቸው ግን የሸሸው በስፌቱ ነው ባይ ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው በ1960 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወስደው በ1962 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ ሬዲዮ ጣቢያ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ጸሐፊነቱ ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዘጋቢ ታምሞ ሲቀር የጣቢያው ኃላፊ መቅረጫውን አሸክመው ወደ አንድ ዳቦ ቤት ላኳቸው። ስለ ዱቄት እጥረት የሁለት ደቂቃ ወሬ ይዘው እንዲመለሱ ታዘው አርባ ደቂቃ ይዘው መጡ። ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄቱ ጀምሮ ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ አያቱ አነጋገር፣ ስለ ሚስቱ ኩርፊያ ሳይቀር ተናግሮ ነበር። ኃላፊው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የጋጋሪው ቃል ይተላለፍ፣ የልጅቷ ድምፅ ግን ይቆረጥ ብለው አዘዙ።

እንዲህ ተጀምሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እትዬ ቴፕ ክፍለ ሀገሩን ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ ሰው ሲያናግሩ ኖሩ፤ በየሳምንቱ ሐሙስም የነዋሪውን ድምፅ አሰሙ። ጥያቄዎቻቸው አራት ብቻ ነበሩ። ምሳ ምን በሉ፣ እዚህ ሰፈር ነገር የሚቆርጠው ማነው፣ ይህን ዕቃ በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ፣ እርስዎ የሚያውቁት ልጆችዎ የማያውቁት ምንድን ነው ይሉ ነበር። ስለ መብል፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ባህል ከዚህ በላይ ጥያቄ አያስፈልግም ባይ ነበሩ። ከስንብት በፊት ግን ቴፑ እየዞረ አንዲት ነገር ይጨምራሉ፦

«ሳልጠይቅዎት የቀረሁት ነገር አለ?»

ዋናው ነገር የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው ይሉ ነበር።

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ የራሳቸውን ድምፅ በምላጭ እየቆረጡ ያወጡና ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ ያያይዙታል። መልሱ ብቻውን ይቀራል፤ አድማጩም ሰው በገዛ ፈቃዱ ተነስቶ የሚያወራ ይመስለዋል። ያን ትእዛዝ የሰጡት ኃላፊ ጡረታ ወጡ፤ ምላጩም በኮምፒውተር ተተካ፤ ደንቡን ግን የሻረው አልነበረም። እርሳቸውም አልሻሩትም። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን አናውቅም።

በዚህ መንገድ፣ ማን ምርጫ እንደሚያሸንፍ ከደንበኞቹ ዝምታ የሚያውቅ ጸጉር አስተካካይ ሰማን። በወንዝ የተለያዩ፣ ጭልፋን በሁለት ስም የሚጠሩና አንዱ ሌላውን እያሾፈብኝ ነው የሚል ሁለት መንደሮች ሰማን። ለስድስት ልጆች ድንች ቀቅላ የምታድል እናት የትኛዋን ድንች ለራሷ እንደምታስቀር ስትናገር ሰምተን እቤታችን ማንኪያ ያስቀመጥንም አለን። በ1979 ዓ.ም. አንድ ከንቲባ ስለ ውሃ ቧንቧው ሁለት ሰዓት ሙሉ ነገሯቸው፤ እትዬ ቴፕ ግን ያቀረቡት ባልዲ ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች ነበር። ለዚህም መዝገብ ቤት ተመድበው ሰባት ወር አቧራ ሲያራግፉ ከረሙ። በስምንተኛው ወር ቧንቧው ተዘረጋ።

በ1967 ዓ.ም. ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው፤ ያለያያቸውም መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዳቸው ሲገቡ ሌላኛቸው ይወጡ ነበር። ባለቤታቸው የአገሩ ሁሉ ምሳ ሲጠየቅ የእኔ ምሳ ብቻ ተረሳ እያሉ ያሾፉ ነበር። ቀልዱ እያደር ከረረና በ1973 ዓ.ም. ሳይጣሉ ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም። የቀድሞ ባለቤታቸው ዛሬ ከመካከላችን ተገኝተዋል፤ እናመሰግናቸዋለን።

በ2002 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ የግድግዳ ሰዓትና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ክፍለ ሀገሩን ያናገሩ ሴት ተብለው ብዙ ተወደሱ፤ እርሳቸው ይናገሩ ያለ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ብቻቸውን ኖሩ። ቤታቸው አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያና ሁለት ወንበር ነበረው፤ በሁለተኛው ወንበር ላይ ጋዜጣ ይከመርበታል። ስልካቸው ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው ቁጥር ተሳስቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን የተሳሳተውንም ሰው ከየት ነው የሚደውሉት ብለው ወሬ ሳይዙ አይለቁትም። ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር፤ መሳቅ አልነበረብንም።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ይህን ለምትጽፈው ለእህታቸው ልጅ፣ ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ፣ ሾርባ አቅርበውላት ሳለ እንዲህ አሏት፦

«አንድ ቀን እኔንም እንደ ሰው ጠይቂኝ።»

እሺ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ ቆጠራ ነበረው፤ ከዚያ ጉንፋን ያዛት፤ ከዚያ ዝናብ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ሄደ። ጽሑፉ በፈቀደው መጠን እውነቱን እንናገር፤ ጊዜ አጥታ አልነበረም። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያን አንድ ሰሃንና አንድ ኩባያ ባየች ቁጥር የራሷን እርጅና የምታይ ይመስላትና ደረጃው ላይ እግሯ ይከብዳት ነበር። እትዬ ቴፕ በየቅዳሜው ጋዜጣውን ከወንበሩ አንስተው፣ መቅረጫው ውስጥ ባዶ ካሴት ከተው ይጠብቁ እንደነበር የነገረቻት እናቷ ናት። የነገረቻትም ዘግይታ ነው።

ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም. እትዬ ቴፕን ስትሮክ መታቸው። አእምሯቸው ደህና ነበር፤ አንደበታቸው ግን ተያዘ። የእህታቸው ልጅ ይህኔ ነቅታ፣ ድምፃቸውን ፍለጋ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ በላይ ቴፕ ተቀምጧል። የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ አብሯት አሥራ አንድ ቀን አዳመጠ። ባዳመጡት ሁሉ ላይ ሰው ይናገራል፤ እርሳቸው የሉም። የተገኘው፣ በመጀመሪያው የዳቦ ጋጋሪ ቴፕ ላይ፣ ከጋጋሪው ቃል ሥር የተደበቀ አራት ሰከንድ የማይሞላ ሳቅ ብቻ ነው። ሰውየው እየተናገረ የሳቁት ስለሆነ ምላጩ ሊለየው አልቻለም።

በዚያው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ የእህታቸው ልጅ ጋዜጣውን ከወንበሩ አንስታ ከፊታቸው ተቀመጠችና ካሴቱን አስነሳች። ምሳ ምን በሉ አለቻቸው። እርሷ ያመጣችውን ድስት በዓይናቸው አሳዩ። እዚህ ቤት ነገር የሚቆርጠው ማነው አለቻቸው። በግራ እጃቸው ወደ እርሷ ጠቁመው ሳቁ። ማንኪያ አንስታ ይህን ምን ይሉታል አለቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልመጣም። አራተኛውን ስትጠይቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመጨረሻ ሳልጠይቅዎት የቀረሁት ነገር አለ ስትላቸው፣ ማይክሮፎኑን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና ወደ እርሷ አዞሩት።

እርሷም ተናገረች። ለምን እንዳልመጣች፣ ያን ደረጃ ምን ያህል እንደፈራችው፣ ማታ ማታ ለማን እንደምታበስል ሳታውቅ እንደምታበስል፣ ሁሉንም አወጣችው። እትዬ ቴፕ እስኪያልቅ አላቋረጧትም፤ ሥራቸው ነውና ያውቁበታል። ካሴቱ ሲያልቅ ራሳቸው አጠፉት።

በእርሳቸው ደንብ መሠረት የጠያቂው ድምፅ ይቆረጣል። ያ ካሴት በደንቡ ቢቆረጥ የሚተርፈው ትንፋሻቸውና የወንበራቸው ድምፅ ነው። አልቆረጥነውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የእህታቸው ልጅ አንድም ቅዳሜ አላለፋትም፤ ቤቱም ሁለተኛ ሰሃን ገባበት።

እትዬ ቴፕ በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንዲት እህትና አንዲት የእህት ልጅ ትተዋል። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ አናስረዝመውም።

በሕይወታቸው ካናገሯቸው ሰዎች መካከል ዛሬ እዚህ የቆመ ካለ አንድ ነገር እንለምነዋለን። ከቀብር በኋላ ወደ እህታቸው ቤት ጎራ ብሎ፣ እትዬ ቴፕ ምን ብለው እንደጠየቁት፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደጠየቁት ይንገረን። መልሶቹ ሁሉ ጣቢያው ውስጥ አሉ፤ ያጣነው ጥያቄዎቹን ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን። በደረሱበትም በር ላይ፣ እርሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድሞ፣ ምሳ በልተዋል ወይ የሚላቸው ይስጣቸው።