ሟቹን አለመምሰሌን በተመለከተ

ለተከበሩ ወይዘሮ ፔኔሎፒ አሽዳውን፣
የኖርዝሾር ቴሌቪዥን የድራማ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ተመልካቾችዎ ትዕግሥት የጸና ይሆን ዘንድ ከግሪምስቢ ወደብ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ዊልፍሬድ ሆልሮይድ፣ በወጣትነቴ በዓሣ ገበያ ተሸካሚነት፣ ቀጥሎም በጣቢያዎ ተከታታይ ድራማ ዓሣ ነጋዴውን ሬጅን ሆኜ በመጫወትና ድርሰቱን በመጻፍ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ሬጅን የገደልኩትም እኔው ነኝ፤ ለንደን ለታላቅ ሥራ ትጠራኛለች ብዬ ነበር። ማንም ተመለስ ብሎ እንዳይለምነኝም አስከሬኑን አቃጥዬ አመዱን ባሕር ላይ በተንኩት። ለንደን አልጠራችኝም፤ የጠራኝ የቀብር ዋስትና የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ በማስታወቂያውም እጅግ አሳማኝ እንደነበርኩ ተነግሮኛል።

አሁን ድራማው ሊያበቃ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ክፍል የሬጅ መንትያ ወንድም ከአውስትራሊያ እንደሚመጣ ሰምቼ ለዚሁ ሚና የትወና ፈተና ቀረብኩ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ፦

፩. ረዳትዎ «በጣም አሪፍ ነበር ጋሼ፤ ችግሩ ሟቹን ብዙም አይመስሉም» በማለት ስላሳየችኝ ግልጽነት። ይህን ፊት ሰባ አራት ዓመት ያለ በቂ ምክንያት ይዤው መኖሬን አላውቅም ነበር።

፪. ለቦታው ዓሣን ሳህን ላይ ከሎሚ ጋር ብቻ የሚያውቁት ተዋናይ ሚስተር ሩፐርት ፌርፋክስ ስለተመረጡ።

፫. በገበያ ላይ ይህንኑ ሳማርር ዓሣ ሻጯ ሞሪን «አንተ ደግሞ! ማን አቃጠለህ? ራስህ! አሁን ዓሣ ትገዛለህ ወይስ ወረፋ ትዘጋለህ?» ብላኛለች። በከተማችን ውሳኔዎን የደገፈች እሷ ብቻ ስለሆነች ምስጋናው ከእርስዎ ቢላክላት ይሻላል።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለቀረጻ የተሠራው የድራማው ሰፈር ከመፍረሱ በፊት በመጠጥ ቤቱ ትዕይንት፣ ከጥግ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ አንዴ እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ። ጀርባዬ ሟቹን ይመስላል የሚል ሥጋት ካለ ካፖርት እደርባለሁ።

በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ቀና ለማለት ግን ደጋፊ የሚያስፈልገኝ፣
ዊልፍሬድ ሆልሮይድ

ማሳሰቢያ፦ ሚስተር ፌርፋክስ በትእዛዝዎ አነጋገሬን ሊማሩ ትናንት ቤቴ መጥተው ነበር። እሳቸው ሲለማመዱ ባለቤቴ ዶሪን ከጓዳ «ዊልፍ! ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል!» አለች። እኔ በዚያ ሰዓት ዝም ብዬ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ስለዚህ ምርጫዎ ትክክል መሆኑን ተቀብያለሁ። ይዘውት በመጡት ድርሰት ላይ ሦስት ገጽ የፈጀው የመንትያው ልቅሶ ግን ትክክል አይደለም፤ በእኛ ወደብ ወንድሙ የሞተበት ሰው «እሺ» ይልና ለሻይ ውኃ ይጥዳል። ገጾቹን ሰርዤ ይህንኑ ጽፌበታለሁ፤ ሚስተር ፌርፋክስም አንዴ ሞክረውት መሐረቤን ተዋሱኝ። ስሜን ከጸሐፊዎቹ ተርታ ማስገባት አያስፈልግም፤ አመዱ የተበተነ ሰው ድርሰት አርሟል ቢባል ተመልካች አያምንም።