ፍሬን የሌለው ከደጃቸው አይወጣም፦ የወይዘሮ ዘሊካ ኢሳ የሕይወት ታሪክ

በዚህ በሦስተኛው ቀን ዱዓ ተሰብስበን የምናስባቸው እኅታችን ወይዘሮ ዘሊካ ኢሳ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኢሳ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሬሕማ አሊ በወሎ ባቲ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ቁርኣን መቅራትን ከመንደራቸው ሼኽ ተማሩ፤ ባቲ ከተማም እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተበላሸ ነገር እያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። የጎረቤት በር ሲጥ ሲጥ ካለ ሄደው ያስተካክላሉ፤ “ማን ጠራሽ?” ሲባሉ “በሩ ጠራኝ” ይሉ እንደነበር እናታችን ታወራ ነበር።

ድርቁ በጸናበት በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ገዳሪፍ ጥቂት ከርመው ካርቱም ገቡና ካፉሪ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ሆኑ። የብስክሌት ነገር የጀመራቸው በዚህ ቤት ነው፤ የጀመራቸውም በጥፋት ነው። የቪላው ዘበኛ በብስክሌቱ ገበያ እየሄደ ያግዛቸው ነበርና ውለታ ለመመለስ ብለው፣ ከማድ ቤት የሰሊጥ ዘይት አምጥተው ካቴናውን እንደ ሙሽራ ጠጉር አርሰው ቀቡለት። የወሎ ሰው መቼም ሲሰጥ መቆጠብ አያውቅም። በማግስቱ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ተነሣ። አሸዋው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ካቴናው እንደ ጭቃ ደረቀ፤ ፔዳሉም አልዞር አለ።

እኅታችን በኀፍረት ብስክሌቱን እየገፉ ባሕሪ፣ ሰሜን ካርቱም፣ ወዳለው የአቶ አብደልዐዚዝ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ወሰዱት። ባለ ሱቁ ካቴናውን አይተው፣ “ያ ሐበሺያ፣ ደ ሹኑ? ይህ ምንድን ነው? አጀላ ነው ወይስ ሰላጣ?” ብለው ብስክሌቱን እያሳዩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ካቴናውን ፈትተው በነጭ ጋዝ አጠቡ፣ በጨርቅ አደረቁ፣ ዘይት ጠብ አድርገው ትርፉን መልሰው ጠረጉ። ወይዘሮ ዘሊካ ይህን ቆመው ካዩ በኋላ “ለካስ ካቴናም እንደ ሰጋጅ መጀመሪያ ውዱእ ያደርጋል!” አሉ። አቶ አብደልዐዚዝ ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያ ብስክሌት በየሳምንቱ መታየት አለበት ሲሉ፣ እኅታችንም አምነው፣ ወይም ያመኑ መስለው፣ ሲያመላልሱት ከረሙ። በ1980 ዓ.ም. ለሁለቱ ኒካሕ ታሰረላቸው፤ ልጃቸው ሓዚም በ1981፣ ልጃቸው ኢንሷፍ በ1983 ዓ.ም. ተወለዱ።

ባልና ሚስት ሱቁን አብረው ሠሩ። በባሕሪ ሻይ የምትሸጠው ሴት “ሲት ሻይ” እንደምትባል፣ እሳቸውንም ሰፈሩ “ሲት አጀላት” አላቸው፤ የብስክሌቶች እመቤት ማለት ነው። ሀቡብ ባለፈ ማግስት ደንበኛው ሁሉ ለካቴናው ውዱእ ይሰለፍ ነበር። ከጥበባቸው ሁሉ የሚበልጥባቸው ግን ፍሬን ነበር። የላላ የጎማ ራጂና የተጣመመ ፔዳል ሰውን ያዘገያሉ እንጂ አይገድሉም ይሉ ነበር።

አቶ አብደልዐዚዝ በ1990 ዓ.ም. በድንገት ዐረፉ። የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ሴት ለሠራችው አጀላ ነፍሱን የሚያምን ወንድ የለም፣ ሱቁ ይዘጋ አሉ። እውነትም ደንበኛው መመናመን ጀመረ። እኅታችን ግን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት፣ የባላቸውም ሳቅ የቀረበት ቤት ነውና እስከ ረመዳን ታገሡኝ ብለው ለመኑ።

በዚያ ሰሞን የሀገራችን ሰው አቶ ዳውድ፣ ከባሕሪ በዓባይ ድልድይ ተሻግረው ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር በብስክሌት ዳቦ የሚያመላልሱት፣ ጎማ ለማስለጠፍ መጡ። ጎማው ተለጠፈ፤ ነገር ግን የፊቱ ፍሬን ላስቲክ አልቆ ብረቱ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ዘሊካ አዲስ ላስቲክ እስኪያመጡ እንዲቆዩ ጠየቋቸው። አቶ ዳውድ “የላ፣ ቶሎ በይ ዘሊካ! ዳቦው ደረቀ እኮ! ብስክሌቱ የኔ፣ አንገቱ የኔ!” ብለው ጮኹ። እኅታችንም የፊቱን ጎማ ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። አቶ ዳውድ ዳቦውን ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ። በየደረሱበትም፣ አንዲት እብድ ሐበሺያ ፍሬን አልቋል ብላ ብስክሌቴን አሰረችብኝ እያሉ ከሰሷቸው።

አቶ ዳውድ ስማቸውን ያጠፉ መስሏቸው ነበር። ወሬውን ግን ሚስቶች ሰሙት። ባሎቻቸው በየማለዳው ድልድዩን ሲሻገሩ ልባቸው የሚንጠለጠል ሴቶች ሁሉ፣ “አጀላህን ለዚያች እብድ ሳታሳይ እንዳትሄድ” ማለት ጀመሩ። ረመዳን ሲገባ የሱቁ ደጅ በብስክሌት ተሞላ። የባላቸው ወንድም ሳይቀሩ የራሳቸውን ይዘው መጡ፤ የእሳቸውም ቢሆን ፍሬኑ ደኅና አልነበረምና ብስክሌቱን አሳድረው ወሰዱ። አቶ ዳውድም ታርቀው እስከ መጨረሻው ደንበኛ ሆኑ።

እንዲህ በደስታ ብዙ ዓመት ሠሩ። ባለ ሦስት እግሩ ሪክሻ በከተማው ሲበዛ ሓዚም ሃፍላ የሚሉትን የሕዝብ አውቶቡስ መንዳት መረጠ፤ ኢንሷፍ ኮሌጅ ገባች፤ እጇን ዘይት ሲነካት ፊቷ ይጨፈገግ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ሲጸናባቸው፣ እኅታችንን ከሞት ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ከእሳቸው በኋላ የሱቁ መዘጋት ነበር። ልጆቻቸውን ግን አንድ ቀን አላስገደዱም። ስንጠይቃቸው “አብሽሩ፣ አታስቡ፣ ብስክሌቱ ራሱ የሚጠራውን ይጠራል” ይሉን ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም. በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ፤ ባሕሪም ተቀበሩ።

ትናንት አቶ ዳውድ ለቅሶ ደርሰው ሊሄዱ ሲነሡ፣ ኢንሷፍ ደጅ ድረስ ሸኘቻቸው። እጇ ሳታስበው ወደ ብስክሌቱ ፍሬን ሄደ፤ ጨበጠችው፤ ላልቶ ነበር። “ኸላስ፣ በቃ፣ ያ ኻል ዳውድ” አለች እንደ አጎት እየጠራቻቸው በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ “ፍሬን የለም፣ መሄድ የለም።” የእናቷን መፍቻ አምጥታ የፊቱን ጎማ ፈታችና ጭኗ ላይ አድርጋ የለቅሶው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። አቶ ዳውድ ቀብር ላይ ያላወጡትን እንባ እዚያ ደጅ አወጡት። ሱቁ ከሐዘኑ በኋላ ይከፈታል።

ወይዘሮ ዘሊካ ልጆቻቸውን ሓዚምንና ኢንሷፍን፣ ይህን የጻፍኩትን ወንድማቸውን ኢስሐቅንና ፍሬናቸው የጠበቀ የባሕሪ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። ድልድይ ለሚሻገር ሰው ሁሉ ሲጨነቁ የኖሩትን እኅታችንን፣ አላህ የአኼራውን ድልድይ ሲራጥን በሰላም ያሻግርልን። አሚን።